የእውነታ ዘበኞቻችን ይኑሩልን

ለታሪክ የሚቆረቆር ሰው ጠፋ ለምትሉ፣ አልጠፋም። ጌም እየተጫወተ ነው።

እነዚህ ወንድሞቻችን ጆይስቲክ ጨብጠው ሌሊቱን ሙሉ ለእውነት ዘብ ይቆማሉ። አዲስ ጌም ሊወጣ ነው ሲባል ትሬለሩን (የማስታወቂያ ቪዲዮውን) የሚያዩት እንደኛ ለመዝናናት አይደለም። ፍተሻ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት ከሆነች ፊሽካ ይነፋሉ። "ይሄማ እውነታውን አልጠበቀም!" እግዜር ይስጣቸው። እነሱ ባይኖሩ ማን ያነቃን ነበር?

ትልቁን ውለታ የዋሉልን በ2018 ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌም የሆነው ባትልፊልድ 5 ትሬለሩ ሲለቀቅ፣ ሰው ሠራሽ እጅ ያላት አንዲት ሴት ወታደር ታየች። አለቀ። ሃሽታግ ወጣ፣ ዘመቻ ተከፈተ፣ ታሪክ ተዛባ ተባለ። ልክ ናቸው። በዚያ ጌም ውስጥ በጥይት የተበሳሳ ወታደር አንድ መርፌ ሲወጉት ብድግ ብሎ ሩጫውን ይቀጥላል። መርፌ የሚወጋው ካጣ ይሞታል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን ጓደኛው አጠገብ ትኩስ ሆኖ ብቅ ይላል። እሳት የበላው ታንክ አጠገቡ ቆመው ሲነካኩት ይድናል። ይሄ ሁሉ የነበረ፣ ያለ ነገር ነው። ሴትዮዋ ግን በዛች።

ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ የምትባል የሶቪየት አልሞ ተኳሽ 309 የጠላት ወታደር እንደጣለች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከእንጨትና ከጨርቅ በተሠራ አውሮፕላን በጨለማ ቦምብ ይጥሉ የነበሩትን የሶቪየት ሴት አብራሪዎች ደግሞ ጀርመኖቹ "የሌሊት ጠንቋዮች" ይሏቸው ነበር። ጀርመኖቹ ምን ያውቃሉ! በቦታው ነበሩ እንጂ ትሬለሩን አላዩ።

እኛም ሰፈር ቅርንጫፍ ተከፍቷል። የጌም ቤት ደንበኛውን ወንድሜን ታውቁታላችሁ። የፌስቡክ ፎቶው እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር፣ መቀሌ ላይ የውኃውን ምንጭ አስይዘው ጣሊያንን ከምሽጉ ያስለቀቁት እሳቸው መሆናቸውን ይጽፋል። ባንዲራ ያስከትላል፣ ልብ ያስከትላል። ማታ ስክሪኑ ላይ ሴት ጠመንጃ ይዛ ብቅ ስትል፣ "ኧረ ባካችሁ፣ ሴት ልጅ ጦር ሜዳ ምን ትሠራለች?" ይላል። አይጋጭበትም። የጠዋቱ ለላይክ ነው፣ የማታው ለእውነት። የሚገርመኝ ደግሞ፣ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረት ቃል በቃል የሠራለት እዚሁ ጌም ውስጥ መሆኑ ነው። ሴቲቱ ትዘላለች፣ ትታኮሳለች፣ ከገደል ትንጠለጠላለች። የሚያዛት አውራ ጣት ግን የሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት?

ጌም ሠሪው ኩባንያ ዩቢሶፍት በ2014 ለዘበኞቻችን የሚገባውን አክብሮት አሳይቷቸው ነበር። የነፍሰ ገዳዮች ጌም የሆነውን አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲን አራት ሆናችሁ ስትጫወቱ አራታችሁም ወንድ ናችሁ። ለምን ሲባል፣ ሴት ከተጨመረች እንቅስቃሴውም ድምፁም እጥፍ ሥራ ይሆናል ተባለ። ቀድሞ እዚያው ይሠራ የነበረ አንድ የአኒሜሽን ባለሙያ የአንድ ወይ የሁለት ቀን ሥራ ነው ብሎ ነበር፤ ማን ይስማው። ጌሙ የሚካሄደው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ነው። ያን ጊዜ የአብዮቱን ጋዜጠኛ ዣን ፖል ማራን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ በቢላ የገደለችው ሻርሎት ኮርዴ ናት። የዚያን አብዮት ስመ ጥር ነፍሰ ገዳይ አምጡ ቢባል መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ቢሆንም ቁጠባ ቁጠባ ነው። ጌሙ ሲወጣ በኮምፒውተር ከሚጫወቱት አንዳንዶቹ ፊት የሌለው ሰው አጋጠማቸው፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ። ከሴቷ የተረፈው በጀት ፊት ላይ እንዳልዋለ ግልጽ ነው።

ሴት ጠል እንዳትሏቸው ታዲያ። የቶምብ ሬይደር ጌሟ ላራ ክሮፍት በ1996 በቁምጣና በሁለት ሽጉጥ ዳይኖሰር ስትገጥም ማን ምን አለ? ቁምጣው እውነታውን የጠበቀ ነበር። አንዳንዱ እንዲያውም ሴት መርጦ ይጫወታል፤ እንዲህ ያለ ጌም ገጸ ባሕርይዋን ከኋላዋ ነው የሚያሳየው። ሲያዝ፣ "ሠላሳ ሰዓት ጀርባ የማይ ከሆነ የሚያምር ጀርባ ልይ" ይላል። ጥናታዊ ምክንያት ነው። ነገሩ የተበላሸው ሴቶቹ ሰው መምሰል ሲጀምሩ ነው። ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት የተባለው ጌም ሊወጣ ሲል፣ የዋና ገጸ ባሕርይዋ የኤሎይ ጉንጭ በጣም ቀርበው ሲያዩት እንደማንኛውም ሰው ስስ ጸጉር ነበረው። ጢም አወጣች ተብሎ ተጮኸ። ልጅቷ የምታድነው የብረት ዳይኖሰር ነው፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለም። ከሴት ፊት ተራርቆ የኖረ ሰው የብረት ዳይኖሰር ቢቀለው አይፈረድበትም።

የ2020ው ሥራቸው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ፈንገስ ዓለምን ስላጠፋበት ዘመን የሚያወራው ጌም፣ ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት፣ በወጣ በሰዓታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ዜሮ ሰጡት። ጌሙን ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለ ፍጥነት ለአትሌቲክሳችን ቢውል! አቢ የምትባለዋ ገጸ ባሕርይ ጡንቻ በዛባት ተባለ። ዓለም ከጠፋ በኋላ ጂም ከየት መጣ? ጂሙ እዚያው ጌሙ ውስጥ ነው፤ የምትኖርበት ስታዲየም ውስጥ አለላት። እዚያ ለመድረስ ግን መጫወት ይጠይቃል። ፈንገስ አንጎሉን የወረረው ሰው እየሮጠ ሲናከስ ደግሞ ባዮሎጂ የጠየቀ የለም።

አቢ ጌሙ ውስጥ ያደረገችውንም አልወደዱላትም። ስለዚህ የግድያ ዛቻ ጻፉ። ለአቢ እንዳይልኩት አድራሻ የላትም፤ የለችም። ድምጿን ለሠራችው ተዋናይት፣ ለላውራ ቤይሊ ላኩት። በዚያ ሰሞን የእውነታ ጥበቃው ተረኛ ማን እንደነበረ እስካሁን አልታወቀም።