ካንሰርን ከኮሌስትሮል ክኒን ጋር ላጋቡት የድምፅ መልእክት፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ «የኮሌስትሮል ክኒን ካንሰር ያመጣል!» ለሚሉት የድምፅ መልእክት
ባሉበት የቴሌግራም ቡድን

ጉዳዩ፦ ስለ ክኒን፣ ስለ ካንሰርና ስለ ምግብ የቀረበ አቤቱታ

ክቡር መልእክት ሆይ፤

እንደ ወጉ ቢሆን ደብዳቤዬን የምጀምረው ጤንነትዎን በመጠየቅ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ የማይታመሙ፣ የማያረጁ፣ ቀንም ሆነ ደራሲ የሌለዎት በመሆንዎ ጥያቄው ከንቱ ነው። የተወለዱበትን ዘመን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሆኖም «አሁን የደረሰን አስደንጋጭ መረጃ» እየተባሉ በየጊዜው እንደ አራስ ልጅ ይመጡልናል። አክስቴ የላኩልኝን ሰምቼ ሳልጨርስ የሥራ ባልደረባዬ ይልኩልኛል፤ ሜሪላንድ ያለችው የአጎቴ ልጅም «ይህን ሰማችሁ?» ብላ እዚያው ቡድን ውስጥ መልሳ ታስገባዎታለች። ስሙን በማይናገር ረጋ ያለ የሊቅ ድምፅ ሦስት ነገር ያዙናል፦ ማታ ማታ የምንውጠውን ክኒን እንድንጥል፣ በምትኩ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ በባዶ ሆድ እንድንጠጣ፣ እርስዎንም «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ብለን እንድናስተላልፍ። ከሦስቱ ያለ አንዳች ክርክር የሚፈጸመው ሦስተኛው መሆኑን ሳላደንቅ አላልፍም።

«ሊነግሯችሁ የማይፈልጉት ምስጢር» ብለው የሚያቀርቡት ክስ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ያደገ መሆኑን ቢያውቁ ምናልባት ድምፅዎን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አኪራ ኤንዶ የተባሉት ጃፓናዊ ተመራማሪ ከ6,000 በላይ የሻጋታና የመሰል ተሕዋስያን ዝርያዎችን ሲፈትሹ ቆይተው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ኪዮቶ ውስጥ ከአንድ የእህል መደብር በተወሰደ ሩዝ ላይ ከተገኘ ሻጋታ፣ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኤንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር አወጡ። «ሰው ሠራሽ ኬሚካል» እያሉ የሚያወግዙት፣ ስታቲን የሚባለው የመድኃኒት ወገን አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሻጋታ ነው። በ1980 ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ውሾች ላይ ካንሰር መሳይ ለውጥ ታየ ተብሎ ኤንዶ ይሠሩለት የነበረው የጃፓን ኩባንያ ሥራውን አቆመ፤ በአሜሪካ የዚያን ንጥረ ነገር ዘመድ ሎቫስታቲንን ይሞክር የነበረው መርክ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያም ወሬው ሲደርሰው ሙከራውን ገታ፣ እንደገናም ለዓመታት ሲያስፈትሽ ከቆየ በኋላ መድኃኒቱ በ1987 ተፈቀደ። ተደበቀ የሚሉን ጥርጣሬ፣ ይህን የሚያህል ኢንዱስትሪ በይፋ ያስቆመና በይፋ የተመረመረ ነበር ማለት ነው።

ምርመራውም እንደ እርስዎ «አንድ ዶክተር እንደተናገሩት» ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። በ1994 ውጤቱ በታተመው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን እየዋጡ ከአምስት ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው፣ ክኒኑን ከዋጡት ወገን የሞቱት ከሌላው ወገን በ30 በመቶ ያህል ያንሱ ነበር። እርግጥ ነው፣ በመካከል አስደንጋጭ ቁጥር አልጠፋም። በ2008 በወጣ አንድ ጥናት ሲምቫስታቲንን ኢዜቲማይብ ከተባለ፣ ስታቲን ካልሆነ ሌላ ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት 105 ሰዎች፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 70 ሰዎች ካንሰር ይዟቸው ተገኘ። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ እዚህ ላይ ቆመው የማስጠንቀቂያ ደወል በለጠፉ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ግን ቆጠራውን ቀጠሉ፣ ኢዜቲማይብ በ18,144 ሰዎች ላይ ለዓመታት ተፈተነ፣ በካንሰር በኩልም ልዩነት ሳይታይ ቀረ። በ2012 ደግሞ 27 ጥናቶች ተሰባስበው የ175,000 ያህል ሰዎች መረጃ በአንድነት ሲመረመር፣ የስታቲን ክኒኖች ካንሰርን እንዳላበዙ፣ በካንሰር መሞትንም እንዳልጨመሩ ታየ። (እንዳልቀነሱም ታይቷል፤ ይህን የምጠቅሰው «ስታቲን ካንሰርን ይፈውሳል» እያለ በየሰሞኑ ብቅ ለሚለው መንትያ ወንድምዎ ነው። ፕራቫስታቲን ለሳንባ ካንሰር ሕሙማን ከኬሞቴራፒ ጋር ተሰጥቶ ዕድሜ እንዳላራዘመ ይንገሩልኝ።)

በንግግርዎ መካከል «ኮሌስትሮሉ የወረደ ሰው በካንሰር ይሞታል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው» የሚሉባት ቦታ አለች፤ የእርስዎ ጉልበት ያለው እዚያች ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ እመልሳለሁ። የደም ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ዘንድ ካንሰር በዝቶ መታየቱ እውነት ነው፣ ሊቃውንቱንም ብዙ አከራክሯል። ነገር ግን ገና ያልታወቀ ካንሰር ራሱ ሰውነትን እያመነመነ ኮሌስትሮልን ያወርዳል፤ ስለዚህ የወረደውን ቁጥር አይቶ የካንሰሩ ምክንያት ነው ማለት፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተተክሎ ያየ መንገደኛ ሟቹን ድንኳኑ ገደለው ብሎ እንደሚያወራው ነው። በ1986 ማርቲን ካታን የተባሉ ሆላንዳዊ ሳይንቲስት ለላንሴት መጽሔት በጻፉት አጭር ደብዳቤ፣ በዘር ውርስ ከልደታቸው ጀምሮ ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ስላሉ፣ ዝቅተኛው ኮሌስትሮል ራሱ ካንሰር የሚያመጣ ቢሆን በካንሰር ሕሙማን መካከል እነርሱ በዝተው መገኘት አለባቸው ብለው መፈተኛ መንገድ ጠቆሙ። ኋላ ሲፈተሽ ያ ብልጫ አልታየም። አጭር ደብዳቤ እንኳ ሰው ካሰበበት እንዲህ ያለ ቁም ነገር ይይዛል፤ ይህን የምለው ለንጽጽር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን መድኃኒቱን እንዲህ አጥብቀው እየጠሉት እውነተኛ ነውሩን አለማወቅዎ ነው። ስታቲን የደም ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። በ2010 የታተመና 13 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው፣ 255 ሰዎች ለአራት ዓመት ቢወስዱት ከመካከላቸው አንድ ተጨማሪ ሰው በስኳር በሽታ ይያዛል፤ በእነዚያው ሰዎች ላይ ደግሞ አምስት ያህል ከባድ የልብ አደጋዎች ሳይደርሱ ይቀራሉ። የሚያዘው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ ስኳሩ ወደ ድንበሩ የተጠጋ፣ ወገቡ የሰፋ ሰው ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2012 ይህንኑ በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ አስጽፏል፤ ወረቀቱም በየፓኮው ውስጥ ታጥፎ ሳይነበብ ይጣላል። እንግዲህ ክኒኑን ልክሰስ ካሉ ማስረጃው ይኸውልዎት፣ በነፃ ነው። ችግሩ ይህ እውነት ማካፈልና ማነጻጸር ስለሚጠይቅ «ወገን ተጠንቀቅ!» ተብሎ የሚጮኽበት አለመሆኑ ነው።

ስለ ጡንቻ ሕመምም ይናገራሉ። ሕመሙ አለ፤ አልፎ አልፎም ከባድ ይሆናልና ለሐኪም መነገር አለበት። ነገር ግን በ2020 በእንግሊዝ አገር፣ ስታቲን አልተስማማንም ብለው ያቋረጡ 60 ሰዎች አንዱን ወር እውነተኛውን ክኒን፣ ሌላውን ወር ባዶውን፣ ሌላውን ደግሞ ምንም ሳይወስዱ የሚሰማቸውን ሲመዘግቡ፣ በመድኃኒቱ ጊዜ ከተሰማቸው መከራ 90 በመቶ ያህሉ ባዶውን ክኒን በሚውጡበት ወርም ተሰምቷቸው ነበር። ሰው ያማል የተባለውን ሲጠብቅ ያመዋል። በዚህ ስሌት፣ ክቡር ሆይ፣ በመግለጫው ወረቀት ላይ ያልተጻፈው የጎንዮሽ ጉዳት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ወደ ምግቡ ስመጣ ደግሞ ምነው ሸዋ! ያስብላል። ክኒኑን በካንሰር ሲከሱ ወጥ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካን ቀና ብለው አላዩትም። በላዩ «ኮሌስትሮል የሌለው» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ይህም ሐሰት አይደለም፣ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ነውና ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ የለውም። ነገር ግን የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው፣ ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የማንሳት ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ኮሌስትሮል የሌለው ዘይት ኮሌስትሮላችንን ያስነሣዋል። በዓመት ከግማሽ የማያንሰውን ቀን ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሎ የሚጾም አማኝ፣ ሽሮውንና ምስሩን በልቶ ቢያበቃ ማለፊያ ነበር፤ እኛ ግን ጾሙን በፓስቲና በሳምቡሳ አዋዝተን፣ ሻዩን በስኳር አወፍረን፣ ፋሲካ ሲደርስ በጥሬ ሥጋና በንጥር ቅቤ እንክሰዋለን። ተልባና ኑግ እየመከሩ ለሚመጡት ለአንዳንድ ዘመዶችዎ ግን ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ የኑግ ዘይት አብዛኛው የማይረጋ ስብ ነውና በዚህ በኩል አልተሳሳቱም።

ካንሰርንስ ከምግብ ጋር የሚያያይዘው በደንብ የተመረመረ ነገር አጥተው ነውን? በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ጥናት ተቋም በ2015 በጨው፣ በጭስና በመሳሰለው የተሰናዳ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላትም የትልቁን አንጀት ካንሰር ዕድል በ18 በመቶ ከፍ ያደርጋል ብሏል። (ሞርታዴላውን በቀላሉ አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ቋንጣችን ከዚሁ መዝገብ መግባቷ ግን ፍርፍር ወዳዱን ጸሐፊ አስከፍቶታል።) ያው ተቋም በ2016 ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል፤ ከእነዚህም የጉበት፣ የኩላሊት፣ የትልቁ አንጀት፣ የማኅፀንና ካረጡ በኋላ የሚመጣው የጡት ካንሰር ይገኛሉ። ስቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም አይደለም፤ ሆርሞን ያመነጫል፣ ኢንሱሊን በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል፣ የበዛው ኢንሱሊንም ሴሎችን እደጉ፣ ተባዙ ይላቸዋል። ለስኳር በሽታ፣ ለልብ ሕመምና ለካንሰር በአንድ በር የሚያስገባው ይህ ሆኖ ሳለ እርስዎ በሌላ በር ቆመው የሚጮኹት ለምን እንደሆነ ይገባኛል፦ ክኒን ጣል የሚል መልእክት ደስ ያሰኛል፣ ከሶፋው ተነሥ የሚል ግን አይተላለፍም።

ስለዚህ በሚቀጥለው መምጣትዎ የተናጋሪውን ስም፣ የተነገረበትን ቀን፣ የክኒኑን ዓይነትና መጠን፣ ከስንት ሰው ስንቱ እንደታመመ፣ ባይውጡትስ ስንቱ ይታመም እንደነበር ጨምረው እንዲመጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ክኒኑን ያለሐኪም ማቋረጥ ስትሮክና የልብ አደጋ ለሚያሰጋው ሰው ምን ማለት እንደሆነም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይግለጹልን። ይህን ሁሉ ከጨመሩ ማንም እስከ መጨረሻው እንደማያዳምጥዎት አውቃለሁ፤ አቤቱታዬ የቀረበውም ለዚሁ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር