«ሰንሰለት እኮ ነው!»

እጄ ገና ጥቁር ነው፣ የስልኩም መስታወት በቅባት ተለውሷል፤ ግድ የለም። አሁን ካልጻፍኩት ነገ ይበርድልኛል፣ እንዲበርድልኝ ደግሞ አልፈልግም።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጎማ ለመቀየር ብቻ ጋራዥ የገባው ሞተር ሳይክሌ ማንም ሳይጠይቅ ሰንሰለቱም «ተሰርቶለት» ወጣ። ጠጋ ብዬ ሳየው ያብረቀርቃል። ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል! አዲሱ ጎማ ጎን ላይ ደግሞ ከወዲሁ ጥቁር ፍንጥርጣሪ።

«ምን አደረጋችሁለት?»

«አጠብንልህ፣ ቀባንልህ። በነጻ ነው።»

«በምን አጠባችሁት?»

«በቤንዚን ነዋ!»

«በምንስ ቀባችሁት?»

አፉን እንኳን አልከፈተም፤ በአገጩ ጥግ ላይ ያለውን ባልዲ አሳየኝ። ከሌላ ሰው ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት! ላዩ ላይ የጨርቅ ብጣሽ ተንሳፏል።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ጎሚኒ ያለው ሰንሰለት ነው። ቤንዚን ሊነካው አይገባም።»

ወደ ልጆቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ሰንሰለቱ ጎሚኒ አለው!» ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተ ቤትህ ምን ታደርግለታለህ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ የካምቢዮ ዘይት በጠብታ...»

«ልትድረው ነው?»

ሳቁ ከዚህ በኋላ አላባራም። የጎማ ሠራተኛው ሳይቀር ቁልፉን አስቀምጦ ሳቀ። ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሰንሰለት እኮ ነው!» ብሎ ዘጋው። ሦስት ቃል። መልስ የመጣልኝ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ መልስ ሁሌም ከሄዱ በኋላ ነው የሚመጣው። እና እዚሁ ላውርደው።

ሰንሰለት እኮ ነው፣ አዎ። አንድ አንጓ ብቻ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሁለት የውጭ ላሜራ፣ ሁለት የውስጥ ላሜራ። የውጮቹን ፒን ያያይዛቸዋል። ፒኑ በቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው ላይ ደግሞ ከጥርሱ (ሰንሰለቱ ከሚጠመጠምበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጋር የሚገናኘው ሮለር ይሽከረከራል። በፒኑና በቱቦው መሃል ፋብሪካው ያስገባው ግራሶ አለ። ግራሶው እንዳይወጣ፣ አቧራና ውሃም እንዳይገባ በውጭና በውስጥ ላሜራ መሃል ቀጭን የጎማ ቀለበት ተጣብቃለች። ያቺ ናት ጎሚኒዋ! በአንድ አንጓ ሁለት። የተሳቀባት እሷ ናት። እሷ ከተበጠሰች የውስጡን ግራሶ ማንም አይመልሰውም፤ ከውጭ ብትቀባው፣ ብታርሰው፣ ብትነክረው አይገባም። ያ አንጓ ከዚያ በኋላ ብረት በብረት ነው የሚፈጨው።

ቤንዚን እንግዲህ ይቺን ቀለበት ያሳብጣታል፣ ሲተን ደግሞ አድርቆ ይተዋታል፤ ደጋግመህ ስታደርገው ትሰነጠቃለች። የፍሬን ማጽጃና የካርቡራተር ማጽጃም ያው ናቸው። ቤንዚኑ ተንኖ እሳት የሚፈልግ ጋዝ መሆኑ ሲጨመር... ያውም ሰውየው በዚያኛው እጁ ሲጋራ ይዞ ነበር። ተዉት።

«ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ሲባልም ያናድደኛል። ላሜራው አልተለጠጠም! ፒኑና ቱቦው ተበልተው ነው የረዘመው። በእያንዳንዱ አንጓ 0.1 ሚሊ ሜትር ብትበላ በ118 አንጓ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፣ በ428 ሰንሰለት (ቁጥሩ የሰንሰለቱ መጠን ነው) አንድ አንጓ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እና ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ አስቡት። የኋላው ጥርስ 42 ከሆነ ጎማው አንዴ ሲዞር 42 አንጓ ያልፋል። ጎማው በአንድ ዙር 2 ሜትር ግድም ቢሄድ እያንዳንዱ አንጓ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 180 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር 180,000 ጊዜ። በእያንዳንዱ ዙር የፊቱንም የኋላውንም ጥርስ ለመጠምጠም እየታጠፈ፣ እየተዘረጋ። «ሰንሰለት እኮ ነው!»

የተቃጠለ ዘይቱስ? ያ ዘይት ከሞተር የወጣው እኮ ሥራውን ጨርሶ ነው። ውስጡ ጥላሸት አለ፣ የብረት ብናኝ አለ፣ ከቃጠሎ የመጣ አሲድ አለ። «ዘይት ዘይት ነው» የሚሉኝ ሰዎች ያንኑ ዘይት መልሰው ሞተራቸው ውስጥ ለምን አይጨምሩትም? ለሞተሩ ቆሻሻ፣ ለሰንሰለቱ መድኃኒት! ደግሞ ቀጭን ነው፣ ገና ስትነሳ ወደ ጎማህ ይረጫል። የቀረው አቧራ ይሰበስብና ሊጥ ይሆናል። ብረት የሚሞርድ ሊጥ። ቆሻሻ ሰንሰለት ላይ ዘይት መቀባትም ያው ነው፤ አሸዋውን ወደ ሮለሩ ውስጥ እየሸኘኸው ነው። ጸጥ ስላለ የዳነ ይመስልሃል እንጂ አሁን በጸጥታ ነው የሚበላው።

ስለዚህ ይኸው ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የሰው እድፍ አጥባለሁ።

አታስቸግሩኝ፣ አሠራሩን ለመቶኛ ጊዜ ልንገራችሁ። ሞተሩ ይጠፋል። ይጠፋል! ቁልፉም ተነቅሎ ኪስ ይገባል። ካምቢዮው ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ)፣ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ በእጅ እየዞረ። ያቺ ቪዲዮ አለች አይደል፣ ሞተሩን አስነስቶ አንደኛ አስገብቶ በሚዞር ሰንሰለት ላይ ጨርቅ የሚይዝ ጀግና? ጨርቁን ጥርሱ ሲይዘው ጣት አብሮ ይሄዳል። ከሰንሰለትና ከጥርስ መሃል ጣት ደህና አይወጣም። ስንት ሰው ወዶታል ብላችሁ ስታዩ ደግሞ... እሺ፣ ወደ ሥራው።

ከጎማውና ከፍሬን ዲስኩ ፊት ካርቶን አስገቡ። ዲስክ ላይ ዘይት ከደረሰ የፍሬኑ ሸራ ይጠጣውና ፍሬኑ አይዝም፤ ከዚያ ስለ ሰንሰለት መጨነቁም ይቀራል። ነጭ ጋዝ 200 ሚሊ ሊትር ከበቂ በላይ ነው፣ ባልዲ አያስፈልግም። ብሩሹን እያራሳችሁ አራቱንም ጎን፦ ላዩን፣ ታቹን፣ ግራውን፣ ቀኙን። ብሩሹ ናይለን ይሁን። የሽቦ ብሩሽ ጎሚኒዋን ይቆራርጣታል። ሰንሰለቱን ፈትቶ በጋዝ ነክሮ ማሳደርም አይረባም፤ ማጽጃው በቀለበቷ ጠርዝ ገብቶ ግራሶውን እንዲያቀጥነው ለምን ጊዜ ትሰጡታላችሁ? ቦርሹት፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙና ጎማውን ወደ ኋላ እያዞራችሁ ጥረጉት። ጨርቁ ጥቁር መሆኑን እስኪተው ድረስ። ከዚያ ጠብቁ። 15 ደቂቃ ጠብቁ። በጋዝ እርጥብ ላይ ዘይት ብታደርጉ ጋዙ ያቀጥነዋል፣ መንገድ ላይ ተረጭቶ ያልቃል።

በግፊት በሚረጭ ውሃ ነው የማጥበው ያልከው ወዳጄ፣ ይህን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ግፊት ጎሚኒዋን አልፎ ውሃ ያስገባል። ሰንሰለትህ ከታጠበ በሦስተኛው ቀን ቀይ አቧራ የሚተፋው ለምን ይመስልሃል? «ዝገት ነው፣ ይጠፋል» አልከኝ። አይጠፋም! በላሜራው መሃል የሚወጣው ቀይ ብናኝ ከውስጥ የሚበላው ፒን ነው። እና ያቺ ስትዞር ቀጥ ብላ የምትቀረው፣ አልታጠፍም የምትለው አንጓህ? እሷም የዚያው ውሃ ልጅ ናት።

ዘይቱ። የካምቢዮ ዘይት፣ ውፍረቱ 80ደብልዩ-90 የሆነ፣ ወይም ጎሚኒ ላለው ሰንሰለት የሚሆን ተብሎ የተጻፈበት ስፕሬይ። ያ ለማጠፊያውም ለቁልፉም ለሰንሰለቱም የሚባለው ደብልዩዲ-40? ስሙ ራሱ ውሃ አባራሪ ማለት ነው፤ 40ው ደግሞ የአርባኛው ሙከራ ቁጥር ነው። ዋናው ዓይነት እርጥበት ለማባረርና ቆሻሻ ለማላቀቅ ደህና ነው፣ ሰንሰለት ተሸክሞ ለመሄድ ግን ቀጭን ነው። እሱን ነፍቶ «ቀባሁት» የሚል ሰው ፊቱን ታጥቦ በላሁ እንደሚል ነው።

የት ይደረጋል? ላዩ ላይ አይደለም! በታችኛው ሰንሰለት፣ ጥርሱን በሚነካው በውስጠኛው በኩል። ሰንሰለቱ ጥርሱን ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ከውስጥ ካደረጋችሁት በአንጓው ውስጥ አልፎ ይወጣል፣ ከውጭ ካደረጋችሁት በቀጥታ ሱሪያችሁ ላይ። በግራና በቀኝ፣ የውጩና የውስጡ ላሜራ በሚገናኙበት ስንጥቅ አንድ አንድ ጠብታ። 118 አንጓ፣ 236 ጠብታ፤ ድምሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። አንድ ማንኪያ! ባልዲውን አስታወሳችሁ? ሰንሰለቱ ከመንገድ እንደገባ ለብ ብሎ ሳለ ብትሠሩት ዘይቱ ዘልቆ ይገባል። ከዚያ ይደር። ጠዋት በደረቅ ጨርቅ የተረፈውን ጥረጉት። «አሁን ቀብተኸው አሁን ትጠርገዋለህ?» አዎ። ላሜራው ፊት ላይ ያለ ዘይት ዝገት ከመከላከል በቀር ሥራ የለውም፣ ለዚያ ደግሞ ስስ ሽፋን ይበቃል። ሥራ ያለው ሮለሩ ውስጥና ጎሚኒዋ ላይ ያለው ነው። በየ500 ኪሎ ሜትሩ አድርጉት፤ ዝናብ ከመታው ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ።

ኧረ የማጥበቁን ነገር ረስቼው! ባለፈው ሌላው ባለሙያ «ላላ ብሏል፣ ወጠርኩልህ» ብሎ እንደ ክራር ጅማት አድርጎ ሰጠኝ። ብትመታው ይዘፍናል። ሰንሰለት መላላት አለበት፣ ሰዎች! ሞተር ሳይክሉ ሲጫን የኋላው ክንድ (ጎማውን የያዘው) ይነሳል፤ የፊቱ ጥርስ፣ የክንዱ መታጠፊያና የጎማው አክስል በአንድ መስመር ሲውሉ ሰንሰለቱ የመጨረሻውን ያህል ይወጠራል። ቆሞ ሳለ ከተወጠረ ያኔ የሚሰጠው ነገር የለውም፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎትታል። በታችኛው ሰንሰለት መሃል ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት ብዙዎቹ ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት፤ የናንተን መመሪያው ይነግራችኋል። እና አንድ ቦታ ለክታችሁ አትነሱ። ጎማውን እያዞራችሁ አራት አምስት ቦታ ለኩ፣ በጣም የተወጠረችዋ ላይ አስተካክሉ። በላላችው ላይ ካስተካከላችሁ የተወጠረችዋ ትጮሃለች። ማስተካከያውን በግራም በቀኝም እኩል ሩብ ሩብ ዙር። አንዱን ወገን ብቻ የሚያዞር ሰው ጎማውን ወደ ጎን አዙሮ የጥርሱን ጎን ይበላል፣ ከዚያ «ጥርሱ ጥራት የለውም» ይላል።

ጥርስ ካልንማ፣ አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ! ጫፉ እንደ ማዕበል የታጠፈ ጥርስ ላይ! ሦስቱ፣ ሰንሰለቱና የፊትና የኋላ ጥርሱ፣ አብረው ነው የሚቀየሩት። ለማወቅ ደግሞ ዓይን ይበቃል፦ ከኋላው ጥርስ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ሳቡት፣ ግማሽ ጥርስ ካሳያችሁ አበቃ። ሜትር ካላችሁ ሰንሰለቱን ወጥራችሁ 20 አንጓ ለኩ። 428 አዲስ ሳለ 254 ሚሊ ሜትር ነው፣ 259 ከደረሰ ይጣል። 520፣ 525ና 530 ከ317.5 ይጀምራሉ፣ 323 መጨረሻቸው ነው። ሰንሰለቱ ጫፎቹን የሚያያይዝ ክሊፕ ያለው ከሆነ የክሊፑ ዝግ ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት ይዙር፤ ክፍት አፉ ወደ ፊት ከሆነ የነካው ሁሉ ይፈታዋል። ይሄ የኔ? ገምቱ። ክፍት አፉ ወደ ፊት። በነጻ ነበር አይደል!

አሁን የቀረኝ የፊቱ ጥርስ ክዳን ነው። እዚያ ውስጥ የዓመታት ቅባት ተጋግሮ ተቀምጧል፤ ያን ሳያነሱ ሰንሰለት ማጠብ ገላን ታጥቦ ያንኑ እድፋም ልብስ መልበስ ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ይመልስለታል። ሦስት ብሎን ነው ያለው። ሁለቱ ወጥተዋል። ሦስተኛው የመስቀል አፍ ያለው ነው፤ የጃፓኖቹ መስቀል ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር የሚመሳሰል እንጂ የማይገጥም፣ በተለመደው ሲገፉት እየዘለለ አፉን የሚበላ። አንድ ሰው ከእኔ በፊት ሞክሮታል። መስቀሉ የለም። ክብ ጉድጓድ ብቻ ነው የቀረው።

ፒንሳ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።