«ነርሲንግ ግቢ!»

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንድ ወዳጄ ቤት፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የወዳጄ የእህት ልጅ በዲቪ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፈንዲሻ ትቆረጥማለች። ምን ልትማር እንዳሰበች ተጠየቀች። እሷ አፏን ሳትከፍት ቤቱ መለሰላት። «ነርሲንግ ግቢ!»

ኡበር የሚነዳው መከረ። ፓርኪንግ የሚሠራው መከረ። ግሮሰሪ ያላትም መከረች። «ሥራ አይጠፋም» አሏት። «ሦስት ቀን ሠርተሽ አራት ቀን ትተኛለሽ» አሏት። ከመካከላችን ነርሶች ሁለት ነበርን። አንዷ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ቆማ ውላ ስለመጣች ወንበሯ ላይ ታንቀላፋለች። ሌላው እኔ ነኝ። ዝም አልኩ። (አራት ቀን የሚተኛ ሐበሻ ነርስ እስካሁን አላጋጠመኝም። በአራቱ ቀን ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው።)

ስንወጣ በር ላይ ጫማዋን እያሰረች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ግን ደም ሳይ ያዞረኛል። ይሆነኛል?»

ይሆነኛል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ የለም። አገር ቤት መንግሥት ይመድብሃል። ሕክምና ብለህ ሞልተህ፣ ነጥብህ ታይቶ ነርሲንግ ይደርስሃል። እናትህም ለጎረቤት ስትናገር «ጤና ነው የሚማረው» ብላ ታድበሰብሰዋለች። እዚህ ደግሞ ዘመድ ይመድብሃል። መርጦ የገባ ግን በታሪካችን አልጠፋም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1939 ጨርሳለች። አገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ በ1942 ነቀምቴ ላይ ሞተች። አዛውንቶቹ ፀሐይ መታሰቢያ የሚሉት፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል በስሟ የተሠራ ነው። የንጉሥ ልጅ የመረጠችውን ሙያ እኛ ለጎረቤት መናገር እናፍራለን።

ስለ ደሙ እውነቱን ነገርኳት። ደም ይለመዳል። በየቀኑ የማየው ደግሞ ሌላ ነው። ሰገራ ነው። ትውከት ነው። ሦስት ጊዜ ደውል ተጭኖ «የት ጠፍተህ ነው?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው። ፊቷን አጨማደደች። «እሱስ ይለመዳል?» አለች። ብርዱ ባያስቸኩለን እዚያው ደጃፍ ላይ ስለ አባቴ አጫውታት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. አባቴ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አስታማሚው እኔ ነኝ። አስታማሚነት ምን እንደሆነ አገር ቤት ታማሚ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ቀን ፔርሙዝና ምሳ በፌስታል ይዞ ከዘበኛ ጋር መጨቃጨቅ ነው። ጓንትና ስሪንጅ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ መሮጥ ነው። ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ፣ ጋቢ ተከናንቦ ማደር ነው። አባቴን የማጥበው እኔ፣ አጥሚት የማጠጣው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ፣ ፖፖ የምደፋው እኔ። ሲስተሯ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ግሉኮስ ትቀጥላለች፣ ሙቀት ለክታ ታልፋለች። አልፈርድባትም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ክፍሉ ውስጥ የተኙትን ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። እሷ አንድ ናት። ጥግ ባለው አልጋ ላይ ከሩቅ የመጣ፣ ሰው የሌለው ገበሬ ነበር። በመጣች ቁጥር «የዚህ አስታማሚ የት ሄደ?» ትላለች። የለውም። በየተራ እኛው የሌላ ሰው አስታማሚዎች አጠብነው።

ስለዚህ አገር ቤት ሆነህ ነርስ ልሁን ስትል ዐይንህ የሚያርፈው ነጩ ጋውን ላይ ነው፤ የገላው ሥራ የቤተሰብ ነዋ። እዚህ ቤተሰብ ጠያቂ ነው። አበባና ፊኛ ይዞ ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል። አስታማሚው አንተ ነህ።

ይሄ የገባኝ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኜ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ፣ የጀመርኩ ቀን ነው። የመጀመሪያው ሰውዬዬ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ። በሩን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ የውሃውን ሙቀት ሞከርኩ። በተማርኩት መሠረት ከዐይኑ ጀመርኩ፣ ያለ ሳሙና። ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ ክንዱን፣ ገና ያልደረስኩበትን ገላ በፎጣ እየሸፈንኩ። እግሩ ጣቶች መካከል ስደርስ እጄ ቆመ። አባቴን ስንቴ አጥቤዋለሁ፤ ይሄ ሰውዬ ግን ምኔ ነው? እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እፍረቱ ከኔ ይብሳል። ቆይቶ «አገርህ በረዶ ይጥላል?» አለኝ። አይጥልም አልኩት። «ታዲያ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?» ሁለታችንም ሳቅን። እግሩን አጥቤ ጨረስኩ።

የባዕድ ሰው እግር አጥቦ፣ አስቆት፣ ነገም ተመልሶ መሄድ የሚችል ሰው ይህ ሥራ ይሆነዋል ባይ ነኝ። «ሰው እወዳለሁ» ብለው የሚገቡ ልጆች ያሳስቡኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መርሳት የያዛት አሮጊት ልብሷን ስትቀይሪላት በጥፊ ብታጮልሽ ያ ሁሉ ፍቅር የት እንደሚገባ አይታወቅም። ለገንዘብ ብለው የሚገቡትንማ ምን እላቸዋለሁ? እኔም ለገንዘብ ነው የገባሁት። እናቴ በየወሩ የምትጠብቀው ነበራት። ብቻ ሁለተኛው ዓመት ላይ ወገብህን ሲይዝህ፣ ገንዘብ ኡበርም ውስጥ እንዳለ ትዝ ይልሃል።

ለእኛ ልጆች ከሰገራው የሚከብድ ነገር ደግሞ አለ፤ ማንም አይነግራቸውም። ታላቅን መጠየቅ ነው። ዶክተር ያዘዘው መጠን የበዛ ከመሰለህ ስልክ አንስተህ «ይሄ ትክክል ነው?» ማለት ግዴታህ ነው። ዝም ብለህ ብትሰጥና ሰው ቢጎዳ «ዶክተሩ ነው ያዘዘው» ብሎ ማምለጥ የለም፤ የሥራ ፈቃድህ ያንተ ነው። ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። አርኤን፣ ማለትም ፈቃድ ያለኝ ሙሉ ነርስ ከሆንኩ በኋላ አንድ ሌሊት ስለ ኢንሱሊን ለመደወል ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀምጫለሁ። በአራተኛው ደወልኩ። ዶክተሩ በእንቅልፍ ልቡ አምባረቀብኝ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ መጠኑን ቀነሰው። ስልኩን ስዘጋ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ትምህርቱ ይገፋል። ከአናቶሚ፣ ከሰውነት አካላት ትምህርት ጋር ትታገላለህ፣ በመጨረሻ ኤንክሌክስ የሚባል የፈቃድ ፈተና አለ። ከ2023 ወዲህ ጥያቄው ትንሹ 85፣ ትልቁ 150 ነው፤ ኮምፒውተሩ ስለ አንተ ሲበቃው ራሱ ይዘጋል። በእኔ ጊዜ ትንሹ 75 ነበር። ልክ 75ኛውን ስመልስ ስክሪኑ ጠፋ። ማለፌ ይሁን መውደቄ ሳላውቅ መኪናዬ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ፈዝዤ ተቀመጥኩ።

ለልጅቷ በማግስቱ ደወልኩላት። ነርሲንግ ግቢም አትግቢም አላልኩም። መጀመሪያ ሲኤንኤ ተማሪ አልኳት። የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይላል፣ ሜሪላንድ ትጨምርበታለች፤ ቢሆንም የሳምንታት ጉዳይ ነው። ካልሆነልሽ የምታጪው አንድ ወቅት ነው፣ አራት ዓመት አይደለም አልኳት። አጎቷ በኋላ «ልጅቷን ወደ ኋላ ልትመልሳት ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ለእሱ ሲኤንኤ ማለት ሰገራ መጥረግ ነው። ነርስ የማይጠርግ መስሎታል።

ባለፈው ሐሙስ ከክሊኒካል፣ ከሲኤንኤው የተግባር ልምምድ ስትወጣ ደወለች። አውቶቡስ እየጠበቀች ነው፣ ነፋሱ ይሰማል። ስለ አንዲት አሮጊት ሰው ሠራሽ ጥርስ አወራችኝ። አውጥታ ስታጥበው እጇ ላይ አሟልጯት ሲንኩ ውስጥ ወደቀ፣ ደግነቱ አልተሰበረም። አቅለሽልሿት እንደነበር ነገረችኝ፤ ጠዋት ቁርስ መብላት ማቆሟንም ነገረችኝ።

«ታዲያ ነርሲንጉስ?» አልኳት።

«እንጃ ጋሼ።»

«ሰኞ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። ሴትዮዋ እንዳንቺ ሥሪኝ ብላኛለች።» ሹሩባዋን ማለቷ ነው።