ቤት ለእንቦሳ፣ ኮምፒውተር ለቫይረስ

የእኛ ሰው ክርስትና ስሙን ለማንም አይናገርም። ደብተራ እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ብሎ ይፈራል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ኮምፒውተር ሲገዛ ግን ዋናውን አካውንት "አድሚኒስትሬተር" (አስተዳዳሪ) እንዳለ ይተወዋል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው። ፓስወርዱስ? ባዶ። እንዲህ ያለ ቸርነት ከየት ይገኛል?

ሌባ ለመግባት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ ስምና ፓስወርድ። ስሙን በነፃ ሰጠነው። ፓስወርድ ካላስገባችሁ ተብለን ስንገደድ ደግሞ "1234" ብለን ድካሙን አቀለልንለት። እንግዳን ደጅ ማቆም ነውር ነው ብለው ያሳደጉን ወላጆቻችን ይባረኩ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኮንፊከር የሚባል ትል፣ ማለትም ራሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ተንኮለኛ ፕሮግራም፣ ተነስቶ ነበር። የተለመዱ ፓስወርዶችን ዝርዝር ይዞ በየኮምፒውተሩ ደጅ ይሞክር ነበር። 123፣ አድሚን፣ ፓስወርድ። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው እኛን በቅርብ የሚያውቀን ይመስለኛል።

ፎርማት የሚያደርጉልን ልጆችም ምስጋና ይገባቸዋል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ ይህን አብሮ የሚመጣ አካውንት ዘግቶ ነው የሚሰጠን። ልጆቻችን ግን የተዘጋ በር አይወዱም። ይከፍቱታል። ሌላው አካውንት ፕሮግራም ሊጫን ሲል "ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለት?" እያለ ይጨቀጭቃላ! አድሚኒስትሬተር ሆዬ ምንም አይጠይቅም። በፍላሽ የመጣውን ቫይረስ እንኳ "ኖር! ግባ፣ ምሳ ደርሷል" ነው የሚለው።

ሹመቱንስ አያችሁት? እኛ ቤት አምስት ነን። አምስታችንም አስተዳዳሪ ነን፤ ተስተዳዳሪ የለም። የስድስት ዓመቱ ልጄ ሳይቀር የፈለገውን ፋይል የማጥፋት ሙሉ ሥልጣን አለው። ሥልጣኑን ተጠቅሞበታልም። አንድ ዘመዴ "ለዕለት ሥራ ተራ አካውንት ክፈት፣ አድሚኑን ለጭንቅ ጊዜ አስቀምጠው፣ ጠንካራ ፓስወርድም ስጠው" ብሎ መከረኝ። ተራ? በዕቁብ ብር በገዛሁት ላፕቶፕ ላይ ተራ ልሁን?

ጎረቤታችን ጋሼ ግን ብልህ ናቸው። የአካውንቱን ስም "ደጃዝማች" ብለው ቀየሩት። "እንግዲህ ማን ያገኘዋል!" ብለው ሻይ ጋበዙኝ። ችግሩ፣ ዊንዶውስ ሰውን በስሙ አያውቅም። በቁጥር ነው የሚያውቀው። የዚህ አካውንት ቁጥር ሁልጊዜ መጨረሻው 500 ነው። ደጃዝማች በሉት፣ ማሞ በሉት፣ 500 ነው። ውስጥ ለገባ ሰው ወዲያው ይታያል። ስም መቀየሩ በውጭ ሆኖ በጭፍን የሚገምተውን ትንሽ ያደናግረዋል፤ ከፓስወርድ ጋር ከሆነ ደግ ነው። የጋሼ ፓስወርድ ደግሞ አለ፤ የቤት ሰው እንዳይቸገር በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል።

ያሳዘነኝ ማይክሮሶፍት ነው። ድሮ ይህን አካውንት ሺህ ጊዜ ቢሳሳቱበት አይቆለፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን አመል አወጣ። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ጊዜ የተሳሳተ ለ10 ደቂቃ ይዘጋበታል። ወገን፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እንዲህ ይደረጋል?

ባለፈው ሳምንት ፋይሎቼ አልከፈት አሉ። ፎቶው፣ የቤት ካርታው ስካን፣ ሁሉም። ላፕቶፑን አቅፌ ወደ ልጁ ሱቅ ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ ማን ምን እንዳደረገ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፍቶ ቆይቶ አየና፣ "ይህን ያደረገው አድሚኒስትሬተር ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት" አለኝ።

አምስታችንም በዚያ ሰዓት ተኝተን ነበር። ስድስተኛው አስተዳዳሪ ማን እንደሆነ እያጣራን ነው።