እሰይ፣ የጀማ ምሕረተኞች!

ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ጀማን በሚሻገርበት፣ እሑድ እሑድ ወንዙ ዳር የሚፈጸመውን ደግነት ያላየ ሰው ሰሜን ሸዋን አየሁ አይበል። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይለቃሉ። «ለቀቅኩት እኮ!» ይላል አጥማጁ፣ ስለት የገባለት ያህል ፊቱ በርቶ። ጾም ከሆነ ደግሞ ጽድቁ እጥፍ ነው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የማያልቅ ክርክር በአንድ ውርወራ ይገላግሉናል።

አድናቆቴን ከመንጠቆው ልጀምር። ምሕረተኞቻችን የሚወዱት ያንን እንደ ከዘራ የተቆለመመውን፣ ጫፉ ሽቅብ የሚያየውን ነው። ትል ተሰክቶበት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ዓሣው አምኖ ይውጠዋል፤ ሲጎተት ጉሮሮውን፣ ስንጥቡን ወይም ሆድ ዕቃውን ይይዘዋል። ተለቀው ከሚሞቱት ዓሦች ብዙዎቹን የሚጨርሳቸው ይኸው የውስጥ ቁስል ነው። ክብ መንጠቆ የሚሉት ግን ጫፉ 90 ዲግሪ ገደማ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ጉሮሮ ውስጥ እምብዛም አይሰካም፤ ክሩ ሲወጠር ተንሸራቶ ይመጣና አፉ ጥግ፣ መንጋጋው ላይ ይይዛል። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፦ መመንጨቅ አይወድም፣ ቀስ አድርጎ መሳብ ይፈልጋል። ሳይመነጭቁ ደግሞ ምን ማጥመድ አለ? ቪዲዮውስ በምን ይደምቃል?

አሜሪካኖቹ በአትላንቲክ ዳርቻቸው፣ ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለመዝናኛ ብሎ በተፈጥሮ ምግብ ለሚያጠምድ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ክብ መንጠቆን ግዴታ አድርገውበታል። ምስኪኖች! ርኅራኄ በደንብ ካልተጻፈላቸው አይመጣላቸውም። የእኛ ከልብ ስለሆነ መንጠቆ አይመርጥም። ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ እንኳ በፒንሳ ጨፍልቀን ማስተኛት አልለመድንም፤ መንጠቆው ቶሎ ከወጣ ስንብቱ ያጥራላ።

ስንብቱንማ አይቼዋለሁ። አንድ ጎረምሳ ነጭ ዓሣ ይዟል፤ ክሩ አፉ ውስጥ ገብቶ መንጠቆው አይታይም።

«ዙር፣ ፀሐዩ ከኋላህ ነው!»

«ቆይ፣ እያንሸራተተኝ ነው።»

«በቲሸርትህ ጨብጠዋ!»

በደረቅ ቲሸርት ጨበጠው። ያ የሚያንሸራትተው ዝልግልግ ነገር ዓሣውን ከበሽታ የሚጋርደው ልባሱ ነበር፤ እጅን አርጥቦ መያዝ ይበቃ ነበር። አምባዛ ቢሆን ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል የፎቶውን ሰዓት ይታገሥ ይሆናል። ነጭ ዓሣ ይህ ስጦታ የለውም፤ በዚያ የጀማ በረሃ ሙቀት ስንጥቡን ከፈት ከደን ሲያደርግ ጓደኛው «ይስቃል እኮ!» አለ። በአራት ማዕዘን፣ በቁመት፣ በወርድ ተነሳ።

ከዚያ መንጠቆውን የማስወጣት ተራ መጣ። መንጠቆ በጥልቅ ሲዋጥ ክሩን አፉ ድረስ ቆርጦ መንጠቆውን እዚያው መተው፣ ጎትቶ ከማውጣት ይልቅ ለዓሣው የተሻለ የመትረፍ ዕድል ይሰጠዋል። ግን መንጠቆ ገንዘብ ነው! ጎረምሳው እግሩን ድንጋይ ላይ አደላድሎ ሳበ፤ ከመንጠቆው ጋር ቀይ ነገር ተከትሎ ወጣ። ዓሣው «በሰላም ግባ» ተብሎ ተወረወረ፣ ተጨበጨበም። መንጠቆው ታጥቦ፣ ለሚቀጥለው ነፍስ የማዳን ሥራ ኪስ ገባ።