ቀናሽ ወይስ ቀናሽ?

አንዲት ባልደረባችን የራሷን ድርጅት ከፍታ ልትለየን ነው። ካርድ ተገዛ። አራት ሰው ከበነው ቆመን አንድ መስመር መጻፍ አቃተን።

መጀመሪያ የሞከሩት በዕድሜ ትልቃችን ናቸው፤ ድሮ አስተማሪ ነበሩ። በእርሳስ፣ ለስለስ አድርገው «እንኳን ቀናሽ» ብለው ጻፉ። ከጎናቸው የቆመችው ወጣት ሳቋ አመለጣት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ‘እንኳንም ምቀኛ ሆንሽ’ ይመስላል። በማን ነው የቀናችው?»

እውነቷን ነው። ስለ ራሴ ሳወራ ችግር የለም። ሲሳካልኝ «ቀናኝ» እላለሁ፣ የሰው ነገር ሲያቃጥለኝ «ቀናሁ» እላለሁ። «ቀናሽ» ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ በጽሑፍም በድምፅም አይለዩም። «ይቅናሽ» ብለን ስንሸኝ ማንም አይሳሳትም። ጣጣው ነገሩ ከቀና በኋላ ነው።

ልጅቷ ግን ነገሯ ሌላ ነበር።

«እኔን የሚያናድደኝ መምሰሉ አይደለም። ስንት ዓመት ማታ ማታ ስትለፋ ኖራ ‘ቀናት’ ሲባል ከሰማይ ዱብ ያለላት ነው የሚመስለው። ተሳካላት፣ ሆነላት፣ ሰመረላት፣ አለፈላት። ሁሉም ላት፣ ላት፣ ላት! የድርጅት ባለቤት ሆና የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መሆን አቃታት?»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ይሄ ምልክት ነው፤ ትምህርት ሊጀመር ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ‘ተሳካ’ እኮ ከ‘ሰካ’ ነው። ብቻውን የሚሳካ ነገር የለም። የሚሰካ አለ፣ የሚሰካበት አለ። ገበያው፣ ጤናው፣ ያበደራት ሰው፣ ሁሉም ገጥሞላት ነው። ያቺ ‘ለ’ ትሕትና ናት።»

«ስኬት ከሶኬት መጣ በሉና» አለ የሒሳብ ሠራተኛው። ማንም አልሳቀለትም።

«እሺ፣ ‘አሳካሽ’ እንበላ!» አለች።

«እሱ የሪፖርት ቋንቋ ነው። ‘ዕቅዱን መቶ በመቶ አሳክተናል’። ለሰው እንዲህ አይጻፍም» አሉ ጋሼ።

የሒሳብ ሠራተኛው «በለጸግሽ» የሚል ሐሳብ አመጣ። ቃሉ «ባለጸጋ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ባለቤቱም እሷው ናት። ግን ብልጽግና በ2012 ዓ.ም. የገዢው ፓርቲ ስም ከሆነ ወዲህ ካርዱ የስብሰባ መፈክር እንዳይመስል ፈራን። «ተመነደግሽ» ሐሜት ሐሜት ይሸታል። «ለምልሚ» የእናት ምርቃት ነው፤ ከእኛ አፍ አያምርም።

እኔ እስካሁን ዝም ብዬ ነበር። ፍርዴ ግን ይኸው።

ጋሼ «ለ» ትሕትና ናት ሲሉ ግማሹን ነው የነገሩን። ያቺ «ለ» እኮ «በ» የምትባል እህት አለቻት። ሥራው ተበላሸብኝ፣ ዕቅዱ ከሸፈብኝ፣ ብርጭቆው ተሰበረብኝ። ብርጭቆው ራሱ ዘሎ የተሰበረ ነው የሚመስለው፤ የእኔ እጅ የለበትም። ትሕትና ያልነው ሰዋስው ለሰበብም ያገለግላል። ስለዚህ የሰውን ልክ የማየው በ«ተሳካልኝ» ወይም በ«አሳካሁ» አይደለም፤ ሲሳካም ሲከሽፍም አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው። ሲያምር «አሳካሁ»፣ ሲበላሽ «ተበላሸብኝ» የሚል አለቃ ነበረኝ። ሪፖርቱን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ፤ ግሱን እያየሁ ብቻ ወሩ እንዴት እንደነበር አውቅ ነበር።

ልጅቷም ብትሆን አማርኛን ያለ ጥፋቱ ነው የከሰሰችው። ሰው «ተሳካላት» ብሎ አይቆምም፤ «ለፍታ ተሳካላት»፣ «ደክማ አለፈላት» ይላል። ልፋቱ የእሷ ነው፣ ባለቤቱም እሷ ናት። የቀረው ሲገጥምላት ብቻ ነው «ላት» የሚመጣው። እኔ ብሆን «ለፍተሽ ተሳካልሽ» ብዬ እጽፍ ነበር።

ማን ይስማኝ። ሰዓት ሄደ፣ ባልደረባችንም በኮሪደሩ ስትመጣ ድምጿ ተሰማ። ልጅቷ እርሳሱን በላጲስ አጥፍታ በጥድፊያ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ጻፈችና ካርዱን አጠፈችው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣ «የ‘ደስ አለሽ’ ባለቤት ማን ነው?» አሏት።