እስስት ፍለጋ በማዳጋስካር፦ በማታ ወይስ በቀን?

ከዓለም የእስስት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ማዳጋስካር ደሴት ላይ ይገኛሉ። ለፍለጋ የሚሻለው ሰዓት የቱ ነው? ሁለት ተከራካሪዎች ተሟግተዋል።

ለማታ፦ ቀን እስስቱ ፊትዎ ተቀምጦ ያልፉታል። ማታ ግን ቀለሙ ስለሚገረጣ ባትሪ ሲያርፍበት ከቅጠሉ መሀል ነጣ ብሎ ይወጣል። የሚተኛው ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ጅራቱን ጠቅልሎ ነው፤ እባብ ሲመጣበት ቅርንጫፉ ስለሚነቃነቅ ቀድሞ ይነቃል። እንግዲህ የት እንደሚፈለግ ታወቀ ማለት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ ይውጡ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ። ባትሪውን ጉንጭዎ አጠገብ ይያዙት። ጌኮ የሚባለው የእንሽላሊት ዓይነትም ዓይኑ ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልስ፣ ወገቡ ላይ የያዘ ሰው ነጸብራቁን አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ለሳይንስ የተዋወቀው፣ ብሩኬሲያ ናና የተባለው ደቃቅ እስስት ወንዱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ 22 ሚሊ ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያሉ ደቃቆችን በረገፈ ቅጠል ውስጥ ማን ያገኛቸዋል? ብዙዎቹ የብሩኬሲያ ዝርያዎች ሲመሽ ለመተኛት ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ከጉልበት በታች ያሉ ቁጥቋጦዎችን ይፈትሹ።

ለቀን፦ ወንድሜ፣ ስለ ቅርንጫፉ ጫፍ ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን በብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ በማታ መግባት ክልክል ነው። ለምሳሌ አንዳሲቤ ወደሚባለው ፓርክ የሄደ ሰው ማታ የሚደርሰው የመንገድ ዳርና ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ደን ብቻ ነው። ዋናው ጫካ የቀን ነው። ፌልሱማ የሚባሉት አረንጓዴ ጌኮዎችም የሚታዩት ቀን ነው። ዩሮፕላተስ የተባለውን ጌኮ ለምሳሌ ይውሰዱ፦ ቀን ግንድ ላይ ጭንቅላቱን ቁልቁል አድርጎ ይለጠፋል፤ በአገጩና በጎኑ ያለው የቆዳ ዘርፍ ግንዱ ላይ ተነጥፎ ጥላውን ያጠፋዋል። ፊት ለፊት ማፍጠጥ ከንቱ ነው። ወደ ግንዱ ተጠግተው ጠርዙን በጎን ያስተውሉ፤ ትንሽ እብጠት ካለ እሱ ሊሆን ይችላል። የወደቀ እንጨት ሲገለብጡ ደግሞ ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ እንጨቱ በእርስዎና በእንስሳው መሀል ይሁን። ሲመልሱ መጀመሪያ እንጨቱን በነበረበት ያኑሩ፣ ከዚያ እንስሳውን ጠርዙ ላይ ይልቀቁት፣ ራሱ ይገባል። እላዩ ላይ ካስቀመጡት ይጨፈለቃል።

ለማታ፦ ክልከላውን አልክድም፤ ሆኖም ብዙ እስስቶች የሚያድሩት እዚያው ጫካ ዳር ነው። እንጨት መገልበጥ ግን ለእንስሳቱ አይበጅም፤ ብዙ ሰው ሲደጋግመው ከሥሩ ያለው እርጥበት ይደርቃል። ማታ የሚነካ ነገር የለም። ባትሪውን ለአፍታ አብርተው ያልፋሉ፣ ቅርንጫፉን አያናውጡም። በእጅ መያዝማ ጨርሶ አይገባም፤ ጌኮሌፒስ የተባለው ጌኮ ሲያዝ ቅርፊቱን ከነቆዳው ጥሎ ያመልጣል።

ለቀን፦ አለመንካቱን እቀበላለሁ። ግን ከሰዓቱ ይልቅ ወሩ ያስጨንቀኛል። በደሴቱ ደቡብ ምዕራብ የሚኖረው ፉርሲፈር ላቦርዲ የተባለው እስስት ኅዳር ግድም ተፈልፍሎ 4 ወይም 5 ወር ብቻ ይኖራል፤ የቀረውን ዓመት በእንቁላልነት ያሳልፋል። በሐምሌ እዚያ ለሚሄድ ሰው ቀንም ሆነ ማታ፣ ከአፈር በታች ከተቀበረ እንቁላል በቀር አንድም ላቦርዲ የለም።